ቀን ያልተቆረጠለት ቃል

ጥቅምት ገብቶ የሰሊጥ አጨዳው ሲጋመስ፣ ነዶው በየማሳው ሂላ ሆኖ ሲቆም፣ የምዕራብ ጎንደሯ ቆላማ ከተማ አብደራፊ ከነዋሪዋ የእንግዳዋ ቁጥር የሚበዛ ይመስላል። ከደጋው ጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ለአረም የወረደው የጉልበት ሠራተኛ የላቡን ዋጋ ተቀብሎ ከየካምፑ ወደ ከተማ ይወጣል። ገንዘቡን በቴሌብር ወይም በባንክ ይልካል፤ ለልጆቹ የገዛውን ጫማ፣ ለእናቱ ያሰበውን ነጠላ ግን በስልክ መላክ አይቻልም። ስለዚህ በማለዳ መናኸሪያ ይገኛል። ዕቃውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ፣ አፉን በሲባጎ ሰፍቶ፣ የተቀባዩን ስምና ስልክ ቁጥር በወፍራም እስክሪብቶ ጽፎበት ለረዳቱ ይዘረጋለታል። ረዳቱ አክብሮት የሚያበዛ ሰው አይደለም። «ውስጡ ምንድን ነው? የሚሰበር ካለ አልወስድም! ቶሎ በል!» ይላል፤ በዋጋው ይከራከራል፤ ከረጢቱንም ጣሪያ ላይ ይወረውረዋል። ከመነሳቱ በፊት ግን ሦስት ነገር ይሰጣል፤ የሹፌሩን ስልክ፣ የመኪናውን ታርጋ፣ ጎንደር የሚገባበትን ሰዓት። ላኪው ወዲያው አገር ቤት ደውሎ ይህንኑ ይናገራል፤ ተቀባዩም በሰዓቱ መናኸሪያ ወጥቶ ይጠብቃል።

ይህ አሠራር ፈቃድ የለው፣ ደረሰኝ የለው፣ ዕቃ ቢጠፋ ካሣ የለው። ሕጋዊው መንገድ፣ ማለትም ማኅተም፣ መዝገብና ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ ያለው ፖስታ፣ እያለ ሰው ለምን መናኸሪያውን ይመርጣል? የተለመደው መልስ የመስተንግዶ ጉድለት ነው፤ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ቀና ብሎ አያይም፣ ይቆጣል፣ ነገ ተመለሱ ይላል። መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበውም እንደዚያው ነው፤ የሥነ ምግባር ሥልጠና፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ መፈክር፣ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ወረቀት። ይህ ማብራሪያ ግን የመናኸሪያውን ነገር ሊያስረዳ አይችልም። ረዳቱ ከማንኛውም የቢሮ ሠራተኛ በላይ ይቆጣል፤ ሆኖም ይታመናል። ሰው ዕቃውን ለረዳቱ የሚሰጠው ደስ የሚል ፊት ስላየ አይደለም፤ ዕቃው በማን እጅ እንዳለ፣ መቼ እንደሚደርስና ቢዘገይ ማንን እንደሚጠይቅ ስለሚያውቅ ነው። በፖስታ ቤትም ሆነ በማንኛውም የመንግሥት መስኮት ባለጉዳይን የሚያንገሸግሸው ዋናው ጉድለት ቀን ያልተቆረጠለት ቃል ነው። ቃሉ ቀን ሲኖረው መስተንግዶውም አብሮ ይቃናል፤ ቀን ከሌለው ግን ፈገግታውም ማታለያ ይሆናል።

«ሲስተም የለም»

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ባለጉዳይ ከሚሰማቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ አጭሩና ተስፋ አስቆራጩ «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። ንግግሩ ውሸት ላይሆን ይችላል። በቆላው መብራት ይጠፋል፤ ኔትወርክ ይቋረጣል፤ ሙቀቱ አርባ ዲግሪ ሲያልፍ ኮምፒውተሩም ይደክማል። ችግሩ ንግግሩ እዚያው ላይ ማለቁ ነው። መቼ ይመጣል? ወረፋዬ ይያዝልኛል? እስከዚያው በወረቀት መመዝገብ አይቻልም? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ሰው ስለሌለ ባለጉዳዩ እስከ ቀትር ይቀመጣል፤ ከቀትር በኋላ ይሄዳል፤ በማግስቱ ይመለሳል። የቀን ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ የተመላለሰበት ቀን ሁሉ ከደመወዙ የተቆረጠ ነው። ከእርሻ ካምፕ ወደ ከተማ ለመውጣት የተከፈለ የአይሱዙ ሒሳብ፣ የአዳር ኪራይና የምግብ ወጪ አለ። የፖስታው ዋጋ በደረሰኝ ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ የማይጻፈው ዋጋ ጊዜ ሲሆን፣ የሚከፍለውም ሁልጊዜ ደሃው ነው።

አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ማይክል ሊፕስኪ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ ከባለጉዳይ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙ የመንግሥት ሠራተኞችን ሕይወት ተንትኗል። እንደ እርሱ አባባል የመስኮት ሠራተኛ የሚጠየቀው ሥራ ማለቂያ የለውም፤ የተሰጠው ጊዜና መሣሪያ ግን ውሱን ነው። ስለዚህ ሳይነገረው መቆጠቢያ ዘዴ ይፈጥራል፤ ወረፋ ያስረዝማል፣ መረጃ ይሰስታል፣ ባለጉዳዩ ተስፋ ቆርጦ እንዲሄድ ያደርጋል። ማስጠበቅ ራሱ የሥራ ማቅለያ ይሆናል። ይህን የሚያደርገው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ደግ ሰውም ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ይሆናል። ታዲያ ሠራተኛውን ብቻ መርጦ ማሠልጠን ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ወንበሩ የሚጠይቀው ነገር ካልተለወጠ የሰለጠነውም ሰው ወደ አሮጌው ልማድ ይመለሳል።

ያልደረሰ ደብዳቤና መልስ ያላገኘ ደብዳቤ

የፖስታ ታሪካችን ራሱ ስለ ቃል የተደረገ ክርክር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት ሲመሠርቱ ሥራው የተያዘው በስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው በአልፍሬድ ኢልግ በኩል ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮችም ፓሪስ ታተሙ። ቴምብሩ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ ይዞ፣ በይሁዳ አንበሳ አጊጦ ወጣ፤ ከአገር ውጭ ግን አይሠራም ነበር። ኢትዮጵያ ወደ ዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት እንድትገባ ስትጠይቅ ጣሊያን በውጫሌ ውል አሳብባ ተቃወመች። ስለዚህ ከሐረር ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ የኢትዮጵያ ቴምብር ከተለጠፈበት በኋላ ከጅቡቲ ወዲያ እንዲያልፍ የፈረንሳይ ግዛት ቴምብር ይጨመርበት ነበር። አገሪቱ ወደ ኅብረቱ የገባችው ከዓድዋ ድል አሥራ ሦስት ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ነው። ያን ቀን የተገኘው ጥቅም ከወረቀቱ ውበት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ያው ቴምብር በሌሎች አገሮች ዘንድ የሚከበር ቃል ሆነ። ላኪው አንዴ ከከፈለ በኋላ በመንገድ ላይ ያለ ማንኛውም ፖስታ ቤት «የእኔ ጉዳይ አይደለም» ማለት አይችልም።

ከዚያም አስቀድሞ ምዕራብ ጎንደር ስለ ደብዳቤ መራራ ትምህርት የሚሰጥ ታሪክ አላት። የቋራው ካሣ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ በአደራ የተቀበለውም የብሪታንያ ቆንስል ቻርልስ ካሜሮን ነበር። ደብዳቤው በመንገድ አልጠፋም። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ለንደን ገባ። የጠፋው መልሱ ነው፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን ከፋይል ጋር አስቀመጠው። ንጉሠ ነገሥቱ ጠበቁ፤ ጠብቀው አጡ፤ በታኅሣሥ 1856 ዓ.ም. ካሜሮን ታሰረ። ዘግይቶ የተጻፈውን መልስ ይዞ የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም ምጽዋ ላይ ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ በመጨረሻ በከሰላ ዞሮ በመተማ በኩል ገባ፤ ቴዎድሮስ ፊት የቀረበውም በጥር 1858 ዓ.ም. ነው። የነገሩ ፍጻሜ የመቅደላ ጦርነት ሆነ። የመቅደላ ምክንያት አንድ ብቻ ነው የሚል የታሪክ ሰው የለም፤ ነገር ግን ዝምታው ነገሩን ማክረሩን የሚክድም አይገኝም። «ደብዳቤዎ ደርሶናል፤ መልሱ እስከዚህ ጊዜ ይደርስዎታል» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

አድራሻ የሌለው ደንበኛ

በኢትዮጵያ ደብዳቤ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ይህ አሠራር በየመንገዱ ስም፣ በየቤቱ ቁጥር በሌለበት አገር ብልህ መፍትሔ ነበር። ሣጥን የሚከራየው ግን መሥሪያ ቤት፣ ነጋዴና ደመወዝተኛ ነው። የአብደራፊና የመተማ ቆላ ደግሞ የተለየ ደንበኛ አለው። በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወቅታዊ ሠራተኛ ወደዚህ ቆላ ይወርዳል፤ ዛሬ አንዱ ባለሀብት እርሻ ላይ፣ የዛሬ ሳምንት ሌላው ካምፕ ውስጥ ይሠራል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳኑ ጦርነት ያፈናቀለው ሰውም በመተማ ዮሐንስ በኩል ገብቷል። እነዚህ ሰዎች ሣጥን የላቸውም፤ ብዙዎቹ ግን ስልክ አላቸው። የአድራሻ እጦት ያለው ጉዳት ከስጦታ ዕቃም ያለፈ ነው። አብደራፊ የካላዛር አገር ናት፤ የድንበር የለሽ ሐኪሞች የሕክምና ቡድን እዚያ ለዓመታት የሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሽታው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል፤ ምልክቱ ሠራተኛው ደጋ ወደሚገኘው ቤቱ ከተመለሰ ከወራት በኋላ ሊታይ ይችላል። የታከመበትን ማስረጃ፣ የክትትል ወረቀቱን፣ የጠፋበትን መታወቂያ የሚያደርስለት መንገድ ያስፈልገዋል።

መፍትሔው ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። ዓለም አቀፉ የፖስታ አሠራር አድራሻ ለሌለው መንገደኛ ከጥንት ጀምሮ ያዘጋጀው አገልግሎት አለ፤ ደብዳቤው በተቀባዩ ስም ፖስታ ቤት ይቀመጥና ሰውየው መታወቂያውን አሳይቶ ይወስዳል። ኬንያ ደግሞ ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ ኤምፖስት በተባለ አሠራር የእጅ ስልክ ቁጥርን የፖስታ አድራሻ አድርጋለች፤ ደንበኛው ስልኩን ያስመዘግባል፣ ፖስታ ሲመጣለት አጭር መልእክት ይደርሰዋል፣ ከፈለገበት ቅርንጫፍ ይወስዳል። ከመናኸሪያችን ረዳት ጋር ቢተያይ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ረዳቱም የሚሠራው በስልክ ቁጥር ነው፤ ኬንያ ያደረገችው ሕዝቡ የሚያውቀውን ዘዴ ወስዶ ደረሰኝና ኃላፊነት መጨመር ነው። ለአብደራፊ ሠራተኛ የሚመጥነው ፖስታም ይኸው ነው።

አሥራ ሦስቱ ምልክቶች

ይህ ሁሉ እስኪሆን ደንበኛው እጁ ላይ ያለውን መብት ማወቅ አለበት፤ ረዳቱ የማይሰጠውና ፖስታ የሚሰጠው ነገር አለና። ተራ ደብዳቤና አደራ ደብዳቤ፣ አባቶቻችን ሪኮማንዴ የሚሉት፣ አንድ አይደሉም። ተራው ቴምብር ተለጥፎበት ይሄዳል፤ ቢጠፋ ዱካ የለውም። አደራው ግን ይመዘገባል፣ ቁጥር ይለጠፍበታል፣ ተቀባዩ ይፈርምበታል፣ ቢጠፋም ካሣ ያስጠይቃል። ወደ ውጭ አገር በሚሄድ አደራ ደብዳቤ፣ ጥቅል ዕቃ ወይም ኢ.ኤም.ኤስ በሚባለው ፈጣን ፖስታ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ቅርጽ አለው፤ አሥራ ሦስት ምልክቶች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የላቲን ፊደላት የአገልግሎቱን ዓይነት ይነግራሉ፤ በአር የሚጀምረው አደራ ደብዳቤ፣ በኢ የሚጀምረው ኢ.ኤም.ኤስ፣ በሲ የሚጀምረው ጥቅል ዕቃ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ከየት አገር እንደተላከ ያሳያሉ፤ ከኢትዮጵያ የወጣ ከሆነ ኢ እና ቲ ናቸው። በመሐል ዘጠኝ አኃዞች አሉ፤ ስምንቱ የዕቃው መለያ ሲሆኑ ዘጠነኛው መቆጣጠሪያ ነው።

መቆጣጠሪያው የሚሰላው በቀላል የሒሳብ ደንብ ነው። ስምንቱ አኃዞች በቅደም ተከተል በ8፣ በ6፣ በ4፣ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ9 እና በ7 ይባዛሉ፤ ውጤቶቹ ይደመራሉ፤ ድምሩ ለ11 ተካፍሎ ቀሪው ከ11 ይቀነሳል (10 ሲመጣ 0፣ 11 ሲመጣ 5 ይጻፋል)። ለምሳሌ መለያው 47312482 ቢሆን ድምሩ 200 ይሆናል፤ 200 ለ11 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ 11 ሲቀነስ 2 ደግሞ 9 ነው። ስለዚህ ዘጠነኛው አኃዝ 9 ካልሆነ ቁጥሩ ተሳስቷል። ይህን ማወቅ ለተራው ሰው ምን ይጠቅማል? መስኮት ላይ «ቁጥሩ ሲስተም ላይ የለም» ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ ዕቃው አልተመዘገበም፣ ወይ አንድ አኃዝ በስሕተት ተገልብጧል። ደረሰኙን በስልኩ ፎቶ ያነሳ ደንበኛ ሁለቱን ለይቶ መጠየቅ ይችላል። ሌላም የጊዜ ገደብ አለ፤ በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት የጠፋ ዕቃ ይፈለግልኝ የሚል ጥያቄ መቅረብ ያለበት ከተላከበት ማግስት ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው። «ትንሽ ይታገሱ» እየተባለ ዓመት የጠበቀ ሰው መብቱን በትዕግሥቱ ያጣል።

የጎደለው ምን እንደሆነ የሚያሳይ ፈተና

እንግዲህ ወደ ዋናው ክርክር እንመለስ። የጎደለው አሠራር እንጂ ፈገግታ አይደለም ለማለት ምን ማስረጃ አለ? አልቤርቶ ቾንግ፣ ራፋኤል ላ ፖርታ፣ ፍሎሬንሲዮ ሎፔዝ ዴ ሲላኔስና አንድሬይ ሽላይፈር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ይጠቅማል። ተመራማሪዎቹ ወደ 159 አገሮች ለእያንዳንዳቸው አሥር አሥር ደብዳቤ ላኩ። የተጻፈው አድራሻ የሌለ ድርጅት አድራሻ ነበር። ተቀባይ የሌለው ደብዳቤ ወደ ላኪው እንዲመለስ የፖስታ ኅብረቱ ደንብ ሁሉንም አባል አገር ያስገድዳል። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ስንቱ ይመለሳል? በስንት ጊዜ? በአንድ ዓመት ውስጥ የተመለሰው 59 በመቶ ብቻ ነው። ከ21 አገሮች አሥሩም ሲመለሱ ከ16 አገሮች አንድም አልተመለሰም። አሥሩንም ከመለሱት መካከል ካናዳና ጀርመን ቢኖሩ አያስደንቅም፤ አልጄሪያና ኡራጓይ ግን አብረዋቸው አሉ። በ90 ቀን ውስጥ ሁሉንም የመለሱት አራት አገሮች ብቻ ሲሆኑ አንዷ ኤል ሳልቫዶር ናት፤ ሀብታም አገር አይደለችም።

የዚህ ፈተና ብልሃት ሥራው በየትም አገር ያው መሆኑ ላይ ነው። ደንቡ አንድ፣ ደብዳቤው አንድ፣ ትእዛዙ አንድ ነው። ለደብዳቤው ፈገግ የሚል የለም፤ የሚቆጣውም የለም፤ ጉቦ የሚሰጥም የለም፤ የሚያይም ተቆጣጣሪ የለም። ቢሆንም ውጤቱ ከዜሮ እስከ መቶ ተራራቀ። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱን ሲፈልጉ ያገኙት የቴክኖሎጂን ብቻ ሳይሆን የአመራርንም ጥራት ነው፤ ሥራው የሚከታተለው አለው ወይ የሚለውን። ለእኛ ጥያቄ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ባለጉዳይ ሳይኖር እንኳን መስኮቱ ሥራውን የሚሠራ ከሆነ ባለጉዳይ ሲመጣም ይሠራል። ባለጉዳይ ሲጮህ ብቻ የሚሠራ መስኮት ደግሞ ጮሆ የማያውቀውን፣ አማርኛው የተሰበረበትን፣ ጫማው አቧራ የለበሰውን ሠራተኛ ሁልጊዜ ወረፋ መጨረሻ ያደርገዋል።

ክርክሮችና መልሶቻቸው

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ፖስታ ሞቷል፤ ስለ ሞተ ነገር ምን ያጨቃጭቃል?» የሚል ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክ የደቂቃ ጉዳይ ሆኗል፤ ደብዳቤውንም ቴሌግራም ወስዶታል። የተላኪው ዓይነት መቀየሩ እውነት ነው። ግን ፓስፖርት፣ የትምህርት ማስረጃ ኦሪጅናል፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ መድኃኒት፣ በስልክ ታዝዞ የተገዛ ዕቃ አሁንም በእጅ የሚሄዱ ናቸው፤ እንዲያውም በስልክ የሚገዛው ሲበዛ የሚጓጓዘው ይበዛል። ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሳይመለስ ሲቆይ፣ ሁሉን ነገር በአንድ ገመድ ላይ ማንጠልጠል ምን እንደሚያስከትል ሕዝቡ አይቷል። የወረቀት መንገድ መኖሩ ኋላ ቀርነት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሠራተኛው ወገን ይመጣል፤ «ደመወዛችን ኪራይ አይሸፍንም፤ ሁለት ሰው የአምስት ሰው ሥራ ይሠራል፤ እናንተ ደግሞ ቀን ቁረጡ ትላላችሁ።» ቅሬታው ትክክል ነው፤ መስኮት ላይ የተቀመጠውን ሰው መውቀስ ብቻውን ፍትሕ አይደለም። ሆኖም ቀን መቁረጥ ሠራተኛውን ራሱን ይጠቅመዋል። ደረሰኝ ላይ «እስከ ኅዳር 15» ተብሎ ከተጻፈ ባለጉዳዩ ከኅዳር 15 በፊት አይመላለስም፤ ወረፋው ያጥራል፤ ጠቡም ይቀንሳል። ቀኑ ሲያልፍም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ጭነቱ ከዋናው ቅርንጫፍ ሳይነሳ ከቀረ የመስኮቱ ሠራተኛ በሌላው ጥፋት አይሰደብም። ደመወዝ መጨመር በጀት ይጠይቃል፤ በደረሰኝ ላይ ቀን መጻፍ ግን እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው። ቆላው የጥቁር አፈር አገር ነው፤ ክረምት ሲገባ መኪና ጭቃ ይውጠዋል። በዚያ ላይ የጸጥታው ሁኔታ አለ፤ መንገድ ይዘጋል፣ መኪና ይቆማል። እንዲህ ባለ ቦታ ቀን መቁረጥ ውሸት መናገር አይሆንም? የማይፈጸም ቀን መቁረጥ ውሸት ነው፤ የሚፈጸም ቀን ግን አጭር መሆን የለበትም። በበጋ አምስት ቀን፣ በክረምት ሃያ ቀን ማለት ይቻላል። መንገድ ሲዘጋም «ጭነቱ ጎንደር ቆሟል፤ በሚቀጥለው ሰኞ እናሳውቃለን» የሚል መልእክት ራሱ አገልግሎት ነው። የመናኸሪያው ረዳትም በዚያው መንገድ ነው የሚሄደው፤ እርሱም ይዘገያል። ልዩነቱ ሲዘገይ ስልኩ መነሳቱ ነው። ሰው መዘግየትን ይችላል፤ የማይችለው ያለመረጃ መጠበቅን ነው።

አራተኛው «አቤት ብለን ምን አገኘን?» የሚለው ነው፤ የአስተያየት መስጫ ሣጥኑ ቁልፉ ከጠፋ ዓመት ሆኖታል ተብሎ ይቀለዳል። እዚህ ላይ ከሕንድ የተገኘ ማስረጃ አለ። ሊዮኒድ ፔይሳኪንና ፖል ፒንቶ የተባሉ ተመራማሪዎች በዴልሂ የደሃ ሠፈር ነዋሪዎችን በቡድን ከፍለው የራሽን ካርድ፣ ማለትም የድጎማ እህል መግዣ ካርድ፣ እንዲጠይቁ አደረጉ። አንዱ ቡድን አመልክቶ ዝም አለ፤ አንዱ ጉቦ ከፈለ፤ ሌላው ደግሞ «ማመልከቻዬ የት ደረሰ?» ብሎ በመረጃ ነጻነት ሕጉ በጽሑፍ ጠየቀ። በጽሑፍ የጠየቀው ቡድን ጉቦ ከከፈለው ብዙም ሳይርቅ ካርዱን አገኘ፤ ዝም ያለው ወደ ኋላ ቀረ። ጩኸት ያላመጣውን ቁጥር ያለው ወረቀት አመጣው። መስኮት ላይ የተነገረ ቁጣ ከቀትር በኋላ ይረሳል፤ መዝገብ ቤት ገቢ የሆነ ደብዳቤ ግን አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መልስ ይጠብቃል።

ከቁጣ ወደ ወረቀት

ስለዚህ በደል የደረሰበት ደንበኛ ማድረግ ያለበት ነገር ረጅም አይደለም። አቤቱታው ከአንድ ገጽ አይበልጥ፤ ስድብም ምልጃም አይኑርበት። ዕቃው የተላከበት ቀንና ቅርንጫፍ፣ የደረሰኙ ቁጥር፣ የተጠየቀው ነገርና መልስ የሚጠበቅበት ቀን ይጻፍ። በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ መዝገብ ቤት ሲገባ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይደረግበት። ይህ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ከማንኛውም የስልክ ጥሪ ይበልጣል። ግልባጭ ለበላይ ቅርንጫፍ ይላክ። መልስ ካልተገኘ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ በባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። ተቋሙ እንደ ፍርድ ቤት ፍርድ አይሰጥም፤ መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ነው የሚያቀርበው። ቢሆንም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽና ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል፤ አቤቱታው ልመና ሳይሆን ይህን ትእዛዝ ማስታወስ ነው። መጻፍ የማይችል ሠራተኛ ካለም የሠፈሩ ተማሪ ወይም በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ይጽፍለታል።

ሁሉን ሸክም በደንበኛው ላይ መጣል ግን አይገባም። ለብቻው የሚጽፍ ሰው የራሱን ዕቃ ሊያስመልስ ይችላል፤ አሠራሩን የሚለውጠው ተደጋግሞ የሚታይ ቁጥር ነው። የአራቱ ተመራማሪዎች ፈተና በወረዳ ደረጃ ሊደገም ይችላል። አብደራፊ ያለችበት የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ምክር ቤት፣ ወይም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በየወሩ አሥር አደራ ደብዳቤ ከጎንደር ወደ ቆላው ይላኩ፤ የተላከበትንና የደረሰበትን ቀን ይመዝግቡ፤ ውጤቱን በቅርንጫፉ በር ላይ ይለጥፉ። ለዚህ አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ አዋጅ ወይም የውጭ አማካሪ አያስፈልግም፤ የአሥር ደብዳቤ ሒሳብና አንድ መዝገብ ይበቃል። አብረው ሦስት ነገሮች ይጠየቁ፤ በእያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ የመድረሻ ቀን ይጻፍ፣ የደንበኛው ስልክ እንደ አድራሻ ይመዝገብ፣ ቀኑ ሲያልፍ ደንበኛው ሳይጠይቅ ይነገረው። በበሩ ላይ መጀመሪያ የሚለጠፈው ቁጥር አሳፋሪ ሊሆን ይችላል፤ ካልተለጠፈ ግን ሁለተኛው ወር ከመጀመሪያው መሻሉን ሠራተኛውም፣ አለቃውም፣ ደንበኛውም ሊያውቅ አይችልም።